ብርድ ልብሱን የክት አታድርጉብን

ይድረስ፦ ከእጃችን ብርድ ልብስ ለተቀበላችሁ ሆስፒታሎች፣ የአረጋውያን መኖሪያዎች፣ የሕፃናት ማሳደጊያዎችና መጠለያዎች ኃላፊዎች
ግልባጭ፦ ጨርቅ ለምታመጡልን ሁሉ፣ ለራሳችን ሰፊዎችም ጭምር
ጉዳዩ፦ ቁም ሳጥን ውስጥ ስለተቆለፉት ኩዊልቶች (ከቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመን የሰፋናቸው ብርድ ልብሶች)

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ አንድ ቁም ሳጥን ነው።

ሰሞኑን ከእናንተ ወደ አንዳችሁ ዘንድ ሄጄ ነበር። የትኛው ተቋም እንደሆነ አልናገርም፤ ሰው ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። ከዓመት በፊት 12 ኩዊልት ሰጥተናቸው ነበር። አሁን ደግሞ አዲስ የተሰፉ 5 ይዤላቸው ሄድኩ። የልብስ ክፍሉን የምትይዘው ሴት "ነይ፣ የምናስቀምጥበትን ላሳይሽ" አለችኝና ከኪሷ ቁልፍ አውጥታ ቁም ሳጥኑን ከፈተችው። 12ቱም እዚያ ነበሩ። እኛ እንዳጠፍናቸው። ያሰርንበት ሪባን እንኳ አልተፈታም። ከላይ ላስቲክ አልብሳቸዋለች።

"እንዳይበላሹ ብለን ነው" አለችኝ። "ትልልቅ እንግዶች ሲመጡ እናነጥፋቸዋለን፤ ከዚያ መልሰን እናስገባቸዋለን።"

በኩራት ነው የነገረችኝ። አደራ እንደጠበቀች ነው የምታስበው፤ እውነቷን ነው፣ ጠብቃለች። ከቁም ሳጥኑ አሥር እርምጃ ራቅ ብሎ ግን በሩ ገርበብ ያለ ክፍል አለ። አንድ አባት ስስ ነጭ አንሶላ እስከ አገጫቸው ስበው ኩርምት ብለው ተኝተዋል። እግራቸው ከአንሶላው ሾልኮ ወጥቷል። ካልሲ አድርገዋል፤ አንዱ ቡኒ፣ አንዱ ጥቁር።

እዚያው ምንም አልተናገርኩም። አምስቱን አስረክቤ፣ አመስግኜ ወጣሁ። የተናደድኩት ደረጃው ላይ ነው። ቤቴ እስክደርስ በልቤ ሦስት ደብዳቤ ጻፍኩ። ሦስቱም የሚላኩ አልነበሩም። ማታ የአምናውን የርክክብ ወረቀት አውጥቼ ሳነበው ግን ንዴቱ ወደ ራሳችን ዞረ። ከወረቀቱ ግርጌ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ፣ "በእጅ የተሠራ ስለሆነ በጥንቃቄ ይያዝልን" ይላል። እኛው ነን ያልነው። የእጅ ጽሑፉም የእኔ ነው።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ ግማሹ ወቀሳ፣ ግማሹ ይቅርታ ነው። የሰጠናችሁ የዘወትር ብርድ ልብስ ነው። የክት አስመስለን ያስረከብናችሁ እኛ ነን።

መቼም ሁላችሁም አታውቁንም፣ ማን እንደሆንን ልናገር። ረቡዕ ረቡዕ ማታ በውሰት አዳራሽ ተሰብስበን የምንሰፋ ሰዎች ነን። ሙሉ ስንሆን ሃያ እንሞላለን፤ ዝናብ ከጣለ ስድስት ሰባት። በሙያቸው ልብስ ሰፊ የነበሩት አንዲት እናት ብቻ ናቸው። ሌሎቻችን ውስጥ አስተማሪም፣ የሒሳብ ሠራተኛም፣ ተማሪም፣ ጡረተኛም አለ። መርፌ መያዝ ፈጽሞ የማይፈልጉ አንድ አባትም አሉን። እሳቸው የሚይዙት ካውያ ብቻ ነው። "ስፌቱ ለእናንተ፣ መተኮሱ ለእኔ" ይላሉ። ሳቅንባቸው፤ አንድ ወር ታመው ሲቀሩ ግን ሥራችን ሁሉ ተጨማዶ የተጣለ ወረቀት መሰለ። የተተኮሰ ስፌት ነው ቀጥ ብሎ የሚገጥመው።

ኩዊልት ሦስት ንብርብር ነው። ከላይ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመው ጨርቅ፣ ከመሐል ሙቀት የሚይዘው ሙሌት፣ ከሥር ገበሩ። መጀመሪያ ሦስቱን በረጅሙ ሸልለን ወይም በመርፌ ቁልፍ ይዘን እናረጋቸዋለን። ከዚያ ከላይ እስከ ሥር የሚያልፍ ስፌት እንሰፋበታለን። ብዙ ሰው ያን ስፌት ለጌጥ የተደረገ ይመስለዋል። ሲታጠብ ሙሌቱ ወደ አንድ ጥግ ሸሽቶ እንዳይጓጉል የሚይዘው እሱ ነው። ሙሌት ሲሸጥ ማሸጊያው ላይ ስፌቱ ቢበዛ በየስንት ሴንቲ ሜትር መሆን እንዳለበት ተጽፎ ይመጣል። ይህን ሳያነቡ የሰፉት ኩዊልት ከሁለት እጥበት በኋላ መሐሉ ባዶ፣ ጥጉ ትራስ ይሆናል። ከልምድ ነው የምናገረው።

ስሙም አስቸግሮን ነበር። አንዴ "ቅጥልጥል ብርድ ልብስ" እንበለው ተባለና ተስማማን። ማስታወቂያ የጻፈው ልጅ "የተቀጣጠለ ብርድ ልብስ በነፃ እንሰጣለን" ብሎ ለጠፈው። አንድ ሰው ደውሎ እሳቱ ጠፍቷል ወይ ብሎ ጠየቀን። ከዚያ ወዲህ ኩዊልት ነው የምንለው። ሌላም ስም አለን። ፊት ለፊት ባይሉንም ከኋላችን እንሰማዋለን፦ ድሪቶ።

ድሮ ያመን ነበር። አሁን አያመንም። እርግጥ ድሪቶ ሳይታሰብ የሚመጣ ነገር ነው። ልብሱ በተቀደደ በኩል ይጣፋል፣ ጥፉ ላይ ሌላ ጥፍ ይታከላል፣ በመጨረሻ የመጀመሪያው ጨርቅ የትኛው እንደነበር ይጠፋል። ኩዊልት ታስቦበት ተቆርጦ፣ ቀለሙ ተመርጦ የሚገጠም ነው። ዝምድናቸውን ግን አልክድም። በቤንጋል ካንታ የሚሉት ብርድ ልብስ ያረጁ ሳሪዎች ተደራርበው የሚሰፉት ነው፤ የሚሰፋበት ክር ራሱ ከሳሪው ጠርዝ እየተመዘዘ ይወጣ ነበር። በአሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ በምትባል ቦታ ጥቁር ሴቶች ካለቀ የሥራ ልብስ፣ ከጂንስ ሱሪ፣ ከሸሚዝ ቁራጭ ይሰፉ ነበር። ቤቱ ይበርዳላ። እ.ኤ.አ. በ2002 እነዚያው ብርድ ልብሶች በሂውስተን ሙዚየም ውስጥ ተሰቀሉ፤ በ2006 ምስላቸው የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። ይህን ካወቅን በኋላ ድሪቶ ያለንን ሰው "አመሰግናለሁ" ነው የምንለው። ግራ ይጋባል።

ረቡዕ ማታ የምንጀምረው በማሳየት ነው። ሰው በሳምንቱ የሠራውን ይዞ ይነሳል፤ ሁለት ሰው ጫፍና ጫፉን ይዞ ከፍ ያደርግለታል። ሁሉም ያያል። "ያምራል" ማለት ክልክል ነው። ለቀልድ የጀመርነው ደንብ ነው፣ ግን ጠቀመን። "ያምራል" ከተባለ በኋላ የተጣመመውን ጥግ የሚያወራ ሰው አይገኝምና።

አንድ ማታ ሁለት ሰዎች ተካፍለው የሠሩት የልጅ ኩዊልት ተነሳ። 165 ካሬ ነበረው፤ በወርዱ 11፣ በቁመቱ 15። እያንዳንዱ ካሬ 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ይቆረጣል። በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ለስፌት ይሄድና 8.8 ይቀራል። አንደኛዋ የቀኙን ወገን፣ ተማሪው ልጃችን የግራውን ሰፍተው መጡ። ጎን ለጎን ሲያዙ የልጁ ወገን 6 ሴንቲ ሜትር ገደማ አጠረ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ሜትር መጣ፣ ተለካ። ልጁ ስፌቱን በ6 ፈንታ በ8 ሚሊ ሜትር ነበር የሚይዘው። በየጎኑ ሁለት ሚሊ ሜትር፣ በአንድ መገጣጠሚያ አራት፣ 15 ካሬ በሚያያዝባቸው 14 መገጣጠሚያዎች 56። ያው 6 ሴንቲ ገደማ።

ሰፊዋ እናታችን ምንም ሳይሉ መነጽራቸውን አደረጉና መፍታት ጀመሩ። እኛም ተከተልን። እስከ ሦስት ሰዓት ፈታን። ልጁ አሥር ጊዜ ይቅርታ ጠየቀ። በመጨረሻ ሰለቻቸውና "እኔ በዕድሜዬ ከሰፋሁት የፈታሁት ይበልጣል፤ ዝም ብለህ ፍታ" አሉት።

ይህን ሁሉ የማወራው ልፋታችንን ለማጋነን እንዳይመስላችሁ። ሁለት ሚሊ ሜትር የሚያስጨንቀን ብርድ ልብሱ መቶ ጊዜ እንዲታጠብ ስለምንፈልግ ነው። ተሸፋፍኖ ለሚቀመጥ ነገርማ ማን ይፈታል? በሙጫም ይያዝ ነበር።

ለመታየት የሚሰፋ ኩዊልት የለም ማለቴ አይደለም። በኤድስ ለሞቱ ሰዎች መታሰቢያ የተሰፋው አለ። እ.ኤ.አ. በ1987 ዋሽንግተን ሜዳ ላይ መጀመሪያ ሲነጠፍ 1,920 ቁራጭ ነበረው። አንዱ ቁራጭ 90 በ180 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ ሰው መቃብር ያህል። ዛሬ 50,000 ገደማ ቁራጭ ሆኗል፣ 54 ቶን ይመዝናል። ሰዎች ሬሳቸው እንኳ በሚሸሽበት ዘመን ስማቸው በአደባባይ እንዲነበብ ነው የተሰፋው፤ መታየት አለበት። ሌላው ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የካናዳ ሴቶች ሰፍተው በቀይ መስቀል በኩል ወደ ብሪታንያ የላኩት ነው። በቦምብ ቤታቸው ለፈረሰባቸው ሰዎችና ለሆስፒታሎች ነበር። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተልኳል። ዛሬ በእጅ የሚገኘው ግን ጥቂት ነው። የት ገባ? አለቀ። ሰው ተኛበት፣ ታጠበ፣ ሳሳ፣ አለቀ። ከተረፉት አንዳንዶቹ ጀርባቸው ላይ የካናዳ ቀይ መስቀል ስጦታ መሆናቸውን የሚናገር ትንሽ ጨርቅ ተሰፍቶባቸዋል። የሰፊዋ ስም ግን አብዛኛውን ጊዜ የለም።

እኛ የምንመኘው የካናዳዎቹን ዕጣ ነው።

አሁን ወደ ጥፋታችን ልምጣ። ቁም ሳጥኑን ለመቆለፍ ምክንያት ከሰጠናችሁ ነገሮች አንዱ ቀይ ቀለም ነው። ከጥቂት ዓመት በፊት ለአንድ የሕሙማን ክፍል ነጭና ቀይ ኩዊልት ሰፍተን ሰጠን። ዓይን ይስባል። በመጀመሪያው እጥበት ቀለሙ ለቀቀ። ነጩ ሮዝ ሆነ። አብረውት የገቡት አንሶላዎች ሮዝ ሆኑ። የአንድ ሐኪም ጋዋንም ሮዝ ሆነ፤ እሱን የሰማነው ዘግይተን ነው። ጨርቁን ሳናጥብ ነበር የሰፋነው። የማጠቢያው ኃላፊ ደውለው ሲናገሩን ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ያ ነው የበለጠ ያሳፈረን። ከዚያ በኋላ እዚያ ክፍል የእኛን ኩዊልት ወደ ማጠቢያ የሚልክ ሰው አልተገኘም። አይፈረድባቸውም።

የቤት እጥበትና የተቋም እጥበት ለየቅል መሆኑን ያኔ ነው የተማርነው። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል የሆስፒታል ልብስ በሙቅ ውሃ ሲታጠብ ቢያንስ 71 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ለ25 ደቂቃ ይሁን ይላል። ላዩ ላይ በረኪና አለ፣ ትልቅ ማድረቂያ አለ። ጥጥ ደግሞ ይሰበሰባል። የጥጥ ሙሌት ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ያጥራል። ሁለት ሜትር የነበረ ኩዊልት አሥር ሴንቲ ሊያጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የረጅም ሰው እግር ውጭ ያድራል።

ስለዚህ አሁን ማንኛውንም ጨርቅ ከመቁረጣችን በፊት በሙቅ ውሃ እናጥባለን። ቀይና ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ እርጥቡን በነጭ ጨርቅ ላይ ጫን አድርገን እናያለን፤ አሻራ ከተወ ለእናንተ አይሰፋም። ሐርና ሱፍ ለተቋም መስጠት ትተናል። ብዙ ለሚታጠብ ቦታ ሙሌቱን ፖሊስተር እናደርገዋለን፤ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ አቅም ያነሰውን ሰው አይጫነውም። ጥጡ ይሻላል ብለው የሚከራከሩ ጓደኞች አሉኝ። ለቤት ከሆነ እኔም ጥጡን እመርጣለሁ። ጠርዙን ደግሞ እጥፍ አድርገን ነው የምንዘመዝመው፣ ብርድ ልብስ መጀመሪያ የሚያልቀው በጠርዙ ነውና። በቃ፣ ወደ ማሽን ወርውሩት። ከተበላሸ ጥፋቱ የእኛ ነው።

ሌላው ጥፋታችን ሳንጠይቅ መስፋት ነው። አንዴ ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል 10 ትንንሽ ኩዊልት ይዘን ሄድን። ጥንቸል ያለበት፣ ኮከብ ያለበት። ነርሷ አንዱን አነሳች፣ ዳበሰችው፣ ፈገግ አለች፤ ከዚያ "አልቀበልም" አለችን። ክው አልን። አንደኛዋ ጓደኛችን ዕቃዋን ሰብስባ ልትወጣ ነበር። ነርሷ አስቀመጠችንና አስረዳችን። ዓመት ያልሞላው ሕፃን የሚተኛበት አልጋ ውስጥ ልቅ ብርድ ልብስ፣ ትራስ፣ ለስላሳ ነገር መኖር የለበትም። ፊቱ ላይ ወጥቶ ሊያፍነው ይችላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም የሚመክረው ይህንኑ ነው፤ ሕፃን በጀርባው፣ ጠንከር ያለ ዝርግ ፍራሽ ላይ፣ ዙሪያው ባዶ ሆኖ ይተኛ።

"ይልቅ ይህን ስፉልኝ" አለችንና ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች ያሉበትን ኢንኩቤተር አሳየችን። የክፍሉ መብራት ዓይናቸውን እንዳይወጋ ከላይ የሚጣል መሸፈኛ ነው የፈለገችው። በስንዝር ለካችልን። ልጁን ለማየት ሙሉውን ማንሳት እንዳያስፈልግ በፊት በኩል የሚገለጥ ክዳን እንዲኖረው ነገረችን። በወሩ ስምንት ሰፍተን ወሰድን። ከተጻፉልን የምስጋና ደብዳቤዎች ሁሉ ያ "አልቀበልም" ይበልጥብኛል።

እና ንገሩን። አልጋችሁ ስንት በስንት ነው? ልብስ የሚታጠበው እዚያው ነው ወይስ ውጭ ይላካል? ማን ነው የሚለብሰው? በተሽከርካሪ ወንበር ለሚቀመጥ ሰው 90 በ110 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ ከተረፈ ጫፉ ጎማ ውስጥ ይገባል። አንዱ ገብቶብናል፤ ደግነቱ ሰውዬው አልወደቁም፣ ኩዊልቱ ግን መሐል ለመሐል ተሸነተረ። ለትንሽ ልጅ በሚሰጠው ላይ ቁልፍም ዶቃም አንሰፋም፣ ነቅሎ ይውጠዋል። እጃቸው ላይ ግሉኮስ ለሚሰካላቸው ሰዎች ደግሞ ትከሻ ላይ ብቻ የሚጣል ነገር እንደሚሻል ከአንድ ታማሚ ነው የሰማነው። ከእናንተ ብንሰማው ሁለት ዓመት ይቀድም ነበር። ረጅም ደብዳቤ አያስፈልግም። አምስት መስመር ይበቃናል። የልብስ ክፍሉ ሠራተኛ ቢጽፈው ደግሞ ከዳይሬክተሩ ይልቅ እናምነዋለን፤ አትቀየሙን።

ትልቁ ጥያቄዬ ይህ ነው። ሰውየው ሲወጣ ኩዊልቱን ይዞ ይውጣ።

አንዳንዶቻችሁ ንብረት መዝገብ ላይ ታስገቡታላችሁ። ገበሩ ላይ በማይለቅ ቀለም ቁጥር ተጽፎበት ያየሁት አለ። ይገባኛል፤ ተቋም ነው፣ ኦዲት አለ፣ የጎደለ አንሶላ ከደመወዝ ይቆረጣል። ግን አስቡት፦ አንድ ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ መርፌ ሲወጋ ጠርዙን ጨብጦ የተኛበትን ብርድ ልብስ በመጨረሻው ቀን "መልስ" ይባላል? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረ ፕሮጀክት ላይነስ የሚባል በጎ አድራጎት ለታመሙና መከራ ለደረሰባቸው ልጆች በእጅ የተሠራ ብርድ ልብስ ይሰጣል። የሚሰጠው ለልጁ ነው፤ ልጁ ይዞት ይሄዳል። እኛም እንደዚያ ነው የምንለው። የግድ መመዝገብ ካለበት ገቢ ባደረጋችሁበት ዕለት ወጪ አድርጉት። ለኦዲተሩ የሚሆን ወረቀት ከፈለጋችሁ ፈርመን እንሰጣለን። ማህተምም አለን፤ አዲስ ነው፣ ቀለሙ አይለቅም።

ሰው አልጋ ላይ እያለ ኩዊልት አልብሳችሁ ፎቶ አታንሱልን። በበጎ እንደሆነ እናውቃለን። የሚታይ ነገር ካስፈለገ ብርድ ልብሱን ብቻውን እኛ አንስተን እንሰጣችኋለን።

ጨርቅ ለምታመጡልን ደግሞ ባጭሩ። እግዚአብሔር ይስጥልን። ጥጥ አምጡልን፤ ያልታጠበ አታምጡልን። ካናቴራና የሚለጠጥ ነገር ከጥጡ ጋር አይሄድም፤ አንዱ ሲሳብ ሌላው ይሸበሸባል። የሸሚዝ ጨርቅ ወርቅ ነው፣ በተለይ የጀርባው፣ ሰፊና ያልተቆራረጠ ስለሆነ። ጨርቁን በጥፍራችሁ ሳብ አድርጋችሁት ከተተረተረ ለእኛም ይተረተራል፤ እሱን ለወለል መወልወያ አድርጉት። የሞተ ሰው ልብስ የምታመጡልን አላችሁ። እሱን ለብቻው በፌስታል አድርጋችሁ ንገሩን። ከሌላው ጋር አንደባልቀውም፣ የሚሰፋውንም ሰው መርጠን ነው የምንሰጠው።

ለራሳችን ሰፊዎችም አንድ ነገር አለኝ፣ ረቡዕ የተከራከርንበት ስለሆነ አላስረዝመውም። "በጥንቃቄ ይያዝልን" የሚለው ወረቀት ከዛሬ ጀምሮ ቀርቷል። በእሱ ፈንታ ገበሩ ጥግ ላይ የምንሰፋው ጨርቅ እንዲህ ይላል፦ "ይህ የእርስዎ ነው። በሙቅ ውሃ ይታጠባል። ሲቀደድ ይምጣ፣ እንጥፈዋለን።" ስማችን የለበትም። ይህም አከራክሮን ነበር። ሦስት ሰዎች ስማቸው እንዲኖር ፈለጉ፤ አንድ ክረምት ሙሉ የለፋ ሰው ቢፈልግ አይገርመኝም። ከገበሩ በውስጥ በኩል፣ ሙሌቱን ነክቶ በማይታይበት ቦታ፣ ስሙን የሚጽፍ አንድ ጓደኛ እንዳለን አውቃለሁ። አላየሁም ብዬ አልፌዋለሁ።

"ሲቀደድ ይምጣ" ያልነው ለወግ አይደለም። እስካሁን የተመለሰልን አንድ ብቻ ነው። የመጣው ከአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። በር ላይ አንዲት ሞግዚትና አምስት ዓመት ገደማ የሚሆነው ልጅ ቆመው ነበር። ኩዊልቱ በልጁ ትከሻ ላይ ነው፤ ግማሹ መሬት ይጠርጋል። ቢጫ የነበረው ክሬም ሆኗል። አንዱ ጥግ ታኝኮ ታኝኮ ሙሌቱ እንደ ምላስ ወጥቷል። ገበሩ ላይ የእንጆሪ መጠጥ ይሁን ሌላ ነገር፣ የማይለቅ ክብ ምልክት አለ። ሰፊዋ እናታችን አዩትና "ይሄ የእኔ ነው" አሉ። ከዚያ ልጁን አይተው "የእኔ ነበር" አሉ።

ትቶት ሂድና ነገ ውሰድ ቢሉት እምቢ አለ። ወንበር አመጣንለት። ሞግዚቷ ሰዓቷን እያየች ነበር፤ ካውያ የሚይዙት አባት ሻይ አፈሉላት። እናታችን የታኘከውን ጥግ በመቀስ አስተካክለው ከቅርጫታቸው ሁለት ጨርቅ አወጡና የቱን እንደሚፈልግ ጠየቁት። አንዱ ከቢጫው ጋር የሚሄድ ነበር። እሱ ሌላውን መረጠ፣ ቡኒውን። ጣፉት፣ ጠርዙን ዘመዘሙት። ያ ሁሉ ሲሆን ልጁ ሌላኛውን ጫፍ በሁለት እጁ ይዞ ነበር። ክሩን እስኪበጥሱ ድረስ አልለቀቀውም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከረቡዕ ማታ ሰፊዎች አንዷ

ማሳሰቢያ፦ 12ቱ ኩዊልቶች የታሰሩበትን ሪባን አትጣሉት፣ ስመጣ ይሰጠኝ። ኩዊልት በሪባን ማሰር ትተናል፤ ለሸሚዝ ጨርቅ መጠቅለያ እንፈልገዋለን።